ስለ አሳዳጊ አባትና ስለ ልጅ

ያልወለዱትን ልጅ አብልቶ ማሳደግ ታላቅ በጎነት ነው፤ ነገር ግን እንጀራ ብቻውን አባት አያሰኝም። ለዚህ ምሳሌ የሚሆነን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2017 የታየው የአሜሪካው የቴሌቪዥን ትያትር፣ የ«ስትሬንጀር ቲንግስ» ሁለተኛ ምዕራፍ ነው። ሴት ልጁ በሕመም የሞተችበት ሆፐር የተባለ የፖሊስ ሹም፣ ኢሌቨን የምትባለውን ልጅ ከሚያሳድዷት ሰዎች ሰውሮ በጫካ ቤት ይመግባታል፤ ከደጅም እንዳትወጣ ይከለክላታል። እናትሽ የለችም ብሏት ነበርና፣ በሕይወት መኖሯን ባወቀች ጊዜ ጥላው ሄደች። በተመለሰችም ጊዜ ሹሙ ቍጣውን ትቶ ጥፋቱን አመነ፤ የሟች ልጁንም ነገር ገልጦ አጫወታት። ፍቅራቸው የጸናው ከዚያ ወዲህ ነው፤ በመጨረሻም ጄን ሆፐር ተብላ በስሙ ተጻፈች። እንግዲህ አሳዳጊ የሆነ ኹሉ፣ ልጅን ይቅርታ መጠየቅ አባትነትን እንደሚያጸና እንጂ እንደማያዋርድ ያስተውል።