ሊጉስ ተመለሰ፤ የልጆቹ ሜዳስ?

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ሲነገር የስታዲየም ቤተሰብ ትልቁ ጭንቀት ፕሪሚየር ሊጉ ነበር። ሊጉ ቆመ፣ ሚያዝያ ላይም ጭራሽ ተሰረዘ። ስለ ዋንጫው፣ ስለ ወራጁ፣ ስለ ተጫዋቾች ደመወዝ ያልተባለ ነገር አልነበረም። ስለ ልጆች ሜዳ ግን ማን ትንፍሽ አለ?

መካነ ብርሃንን፣ ዳባትንና ደባርቅን ያየ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። በሰሜን ተራሮች ሥር ያለው አገር ዳገትና ገደል ነው። ለጥ ያለ መሬት ከተገኘ ይታረሳል፤ ካልታረሰም የከብት ነው። ኳስ እንደ ልብ የሚንከባለልበት ቦታ ቢፈለግ ያው የትምህርት ቤት ግቢ ነው። ሌላ ቦታ ከሆነማ የጨርቋ ኳስ አንዴ ቁልቁል ከወረደች ጨዋታው ይቆማል፤ ሮጦ የሚያመጣትም ሁልጊዜ ትንሹ ልጅ ነው!

እንግዲህ መጋቢት 7 ትምህርት ቤት ይዘጋ ሲባል አብሮ የተዘጋው ይሄ ሜዳ ነው። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ደግሞ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብን ከለከለ። አራት ልጅ ማለት ሁለት ለሁለት ነው፣ ያውም ያለ በረኛ። በሽታው የሚያስፈራ ነበርና በክልከላው የሚፈረድ የለም። የሚያስተዛዝበው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው።

ታህሳስ 2013 ሊጉ ተመለሰ። ክለቦች እየተመረመሩ፣ ከከተማ ከተማ እየዞሩ፣ ዲኤስቲቪ በቀጥታ እያሳያቸው ተጫወቱ። ፋሲል ከነማ ለመጀመሪያ ጊዜ የሊጉን ዋንጫ አነሳ፤ ጎንደርም ጨፈረች። ለትልልቆቹ ደንብ ወጣ፣ ገንዘብም ተገኘ። ትምህርት ቤቶች ከጥቅምት ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ሲከፈቱ ግን ወሬው ሁሉ ስለ ማስክና ስለ ወንበር ርቀት ነበር። ልጆቹ የት ይጫወቱ ያለ የለም።

ነሐሴ 2013 ላይ ደግሞ ጦርነቱ ዳባት ወረዳ ዘለቀ፤ ደባርቅ በተፈናቃይ ተሞላች። ተፈናቃዩ የተጠለለው ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። ቤቱን ጥሎ ለወጣ ሰው መጠለያ አይነፈግም፤ ልጆቹ ግን ሜዳቸውን ለሁለተኛ ጊዜ አጡ።

ስለ ታዳጊ ልማት በየስብሰባው የሚያወሩ የስፖርት ሹማምንት ከዚህ ቢጀምሩ ምናለበት? የስታዲየም በጀት አይጠይቅም። ሰላም ባለበት ሁሉ ቅዳሜና እሁድ፣ ክረምትም ጭምር፣ የትምህርት ቤቱ በር ይከፈት፤ በገደሉ በኩልም ኳስ የሚመልስ አጥር ይታጠር።