«እግዚአብሔር ይመስገን» ስንት ነጥብ ይያዝለታል?

የትምህርቱ ዘመን ወደ ማለቂያው ሲቃረብ ከዩኒቨርስቲ የሚመጡ ልጆች በየመንደሩ መታየት ይጀምራሉ። የሥነ ልቡና ትምህርት የሚከታተል ተማሪ ሳይመረቅ በፊት አንድ ጥናት ማቅረብ አለበትና፤ መጠይቁን ይዞ ስለ ሰው ጠባይ፤ ስለ ደስታና ሐዘን፤ ስለ ባልና ሚስት ስምምነት፤ ስለ ወላጅና ልጅ መቀራረብ እየጠየቀ ይጽፋል። ለመንዝ፤ ለጊሼና ለመርሐቤቴ ደግሞ በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው የደብረ ብርሃን ዩኒቨርስቲ ቅርብ ስለ ሆነ፤ ጠያቂው ብዙ ጊዜ ያው ያገር ልጅ ነው። ነገሩ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ወረቀቱ ይዞ የሚመለሰው የሰውን ልብ ነው ወይስ የአፉን መልስ ብቻ? ዛሬ በዚህ ላይ ጥቂት እንነጋገር።

ተማሪ ስለ ወገኑ ማጥናቱ ባገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በ1943 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ ኮሌጅ የሕዝብን ልማድ የሚያጠና የተማሪዎች ማኅበር ነበረው። ማኅበሩም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1953 ጀምሮ አንዲት አነስተኛ መጽሔት ያወጣ ነበር። ተማሪዎቹ ስለ ትውልድ ቦታቸው ልማድና ሥርዐት ይጽፉባት ነበር። የዚያን ጊዜው ተማሪ የሚጠይቀው «ሰው ምን ያደርጋል?» ብሎ ነው። የዛሬው ተማሪ ግን «ሰው ምን ይሰማዋል?» ይላል። የፊተኛውን ሠርግ ቤት ቆሞ ማየት ይቻላል፤ የኋለኛው ግን ባለቤቱ ካልተናገረው በቀር የሚታይ አይደለም። ችግሩም የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

ዶናልድ ሌቪን የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ መንዝ ውስጥ ተቀምጦ የገበሬውን ኑሮ አጥንቷል፤ በመቶ ለሚቆጠሩ የሁለተኛ ደረጃና የኮሌጅ ተማሪዎችም መጠይቅ አድሏል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1965 ያሳተመውን መጽሐፍ ስም የወሰደው ከቅኔያችን ነው፤ «ሰምና ወርቅ» ብሎታል። ከላይ የሚሰማው ሰም ነው፤ ወርቁ ከውስጥ ነው ማለቱ ነው። በዚሁ መጽሐፍ ስለ አማራው ግለኝነት ሰፋ አድርጎ ጽፏል። ይህን የሚያነብ የመንዝ ልጅ ግን ጓሳን ሳያስታውስ አይቀርም። የጓሳ ሜዳ ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ «ቄሮ» በሚባል ሥርዐት በጋራ ሲጠበቅ የኖረ ነው። ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆነው ሣር ለዓመታት ተከልሎ ይቆይና በጋራ ስምምነት ሲከፈት ብቻ ይታጨድ ነበር። ቄሮ በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ቢቀርም፤ ሕዝቡ ጥበቃውን ኋላ በሌላ መልክ አቋቁሞታል። እንግዲህ የመንዝ ሰው ግለኛ ነው ወይስ ኅብረት ወዳድ? በርስት ክርክር ላይ ያገኘው አጥኚ አንዱን ይላል፤ በጓሳ ጥበቃ ላይ ያገኘው ሌላውን ይላል። ሁለቱም ያዩት እውነት ነው፤ ልዩነቱ ያገኙት የትና በምን ጉዳይ ላይ ሆኖ ነው የሚለው ነው።

ከዚህ ቀደም ያስተማርሁት አንድ ልጅ ለጥናቱ ወደ ቀየት ሄዶ ነበር። ከጎረቤት ካሉ አንዲት ባልቴት ቤት ገብቶ፤ «እማማ፤ ባለፈው ወር ውስጥ ምን ያህል ጊዜ ሐዘን ተሰምቶዎታል? ፈጽሞ፤ አልፎ አልፎ፤ ብዙ ጊዜ ወይስ ሁልጊዜ?» ብሎ ጠየቃቸው። «እግዚአብሔር ይመስገን» አሉት። ጥያቄውን ደገመላቸው። «ምን ጎደለብኝ ልጄ፤ እሱ ይመስገን» አሉት። እሱም «ፈጽሞ» በሚለው ላይ ምልክት አደረገ። ወረቀቱን አጥፎ ከቦርሳው ከከተተ በኋላ ቡና ተፈላ። በሁለተኛው ስኒ ላይ ሴትዮዋ፤ ትንሹ ልጃቸው ዐረብ አገር ከሄደ ድምፁን ካሰማቸው ሁለት ዓመት እንዳለፈውና፤ የመጀመሪያው ዶሮ ከጮኸ ወዲያ እንቅልፍ እንደማይወስዳቸው አጫወቱት። ልጁ ሲመለስ፤ «ምልክቱን ልለውጠው ወይስ ልተወው?» ሲል ጠየቀኝ።

ሴትዮዋ ዋሹ የሚል ካለ ያገሩን ወግ አያውቅም። «እግዚአብሔር ይመስገን» ላንድ ወር ኑሮ የሚሰጥ ነጥብ አይደለም፤ ሰው በእንግዳ ፊት ራሱን የሚያከብርበት፤ አምላኩንም የማያማርርበት ቃል ነው። ከዚህም በላይ አማርኛችን ሐዘንን የሚናገረው በሌላ መንገድ ነው። ሰው ሲያዝን ሆዱ ይባባል፤ አንጀቱ ያራል፤ ልቡ ይሰበራል። ሊነገር የማይገባውን ደግሞ «ሆድ ይፍጀው» ብሎ ያሳድረዋል። ከፋኝ፤ ቅር አለኝ፤ ጨነቀኝ፤ ጠበበኝ የሚሉት ቃላት እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቦታ አላቸው። መጠይቁ ግን ይህን ሁሉ ባንድ ቃል ጠቅልሎ፤ ያውም ከእንግሊዝኛ በተመለሰ ቃል ይጠይቃል።

የዓለም የጤና ድርጅት ያዘጋጀው ባለ 20 ጥያቄ መጠይቅ ባገራችን በብዙ ጥናት ላይ ውሏል። ስለ ራስ ምታት፤ ስለ እንቅልፍ፤ ስለ ምግብ ፍላጎትና ስለ ልቅሶ እየጠየቀ «አዎን» ወይም «አይደለም» ያሰኛል። ኮርትማንና ቴን ሆርን የተባሉ ተመራማሪዎች ይህንኑ መጠይቅ በኢትዮጵያ መርምረው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1988 ባወጡት ጽሑፍ፤ ሁለት ነገሮች መልሱን እንደሚያዛቡ አሳይተዋል። አንደኛው ተጠያቂው ጥያቄውን ጠያቂው ባሰበው መንገድ አለመረዳቱ ነው። ሁለተኛው ተጠያቂው መልሱን የሚሰጥበት የራሱ ምክንያት ያለው መሆኑ ነው።

ይህን ሁለተኛውን በየወረዳው የምትሠሩ ወጣት የመንግሥት ሠራተኞች ከማንም ይልቅ ታውቁታላችሁ። ገበሬው ወረቀት የያዘ ሰው ሲያይ «ግብር ሊጽፍ ነው ወይስ ርዳታ ሊመዘግብ?» ብሎ ማሰቡ አይቀርም። ግብር ከመሰለው በሬውን ይቀንሳል፤ ርዳታ ከመሰለው ችግሩን ያበዛል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ክልሉን በያዘው ግጭት ምክንያት ደግሞ ስም ጠይቆ የሚጽፍ ሰው ሌላ ፍርሃት ያሳድራል።

ታዲያ ጥናቱ ይቅር ወይ? አይቅር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2003 እስከ 2007 በታወቁ የአሜሪካ የሥነ ልቡና መጽሔቶች ከተጠኑት ሰዎች 96 በመቶው የምዕራባውያን ባለ ኢንዱስትሪ አገሮች ሰዎች ነበሩ። እነዚህ አገሮች ከዓለም ሕዝብ የያዙት 12 በመቶ ብቻ ነው። «የሰው ጠባይ» እየተባለ በመማሪያ መጻሕፍት የምናነበው ብዙው ነገር እንግዲህ የጥቂቶች ጠባይ ነው። የደጋው ገበሬና ባልቴት ካልተጠየቁ ይህ ጉድለት አይሞላም። የነሱን ቋንቋ የሚሰማም ካገሩ ልጅ የሚቀርብ የለም።

ስለዚህ ለጥናት የምትወጡ ሁሉ አስቀድማችሁ ጥያቄውን ለናታችሁ ወይም ለአያታችሁ አንብቡላቸውና፤ በራሳቸው አነጋገር መልሰው ይንገሯችሁ። ያልገባቸው ቃል ካለ ጣሉት። ከማን እንደ መጣችሁና ግብርም ርዳታም እንደማትጽፉ ግልጽ አድርጋችሁ ተናገሩ። «አልመልስም» ማለት መብት መሆኑንም አስታውቁ። የአብሮ አደጋችሁን መጠይቅ መኝታ ቤት ተቀምጣችሁ አትሙሉለት፤ ያ ሐሰት ምስክርነት ነው።

ለቀድሞ ተማሪዬ የሰጠሁትም መልስ ይኸው ነው፦ ምልክቱን አትለውጠው፤ ለወረቀቱ የሰጡት መልስ እሱ ነውና። በቡናው ላይ የነገሩህን ግን ለጎረቤት ልጅ እንጂ ለዩኒቨርስቲ አልነገሩም። ልትጽፈው ከፈለግህ ተመልሰህ አስፈቅዳቸው፤ ቢፈቅዱም «ልጇ ዐረብ አገር የቀረባት፤ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ያለችው» ብሎ ያገሩ ሰው ሁሉ እንዳያውቃቸው አድርገህ ጻፍ። እንቢ ካሉ ግን ሆድ ይፍጀው።

አንድ ነገር ልጨምር። ጥናቱ ከጸደቀ በኋላ ታትሞና ተጠርዞ ከመደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፤ የተጠየቁት ሰዎች ግን ወሬውን እንኳ ሳይሰሙ ይቀራሉ። በዕድር ስብሰባ ወይም በሰንበቴ ቀን ካህናቱንና ሽማግሎችን አስፈቅዶ፤ የማንንም ስም ሳያነሡ «ጠይቀናችሁ ያገኘነው ይህን ነው» ብሎ መናገር ከሩብ ሰዓት አይበልጥም። እንቅልፍ ያጣችው እናት እንቅልፍ ያጡት እሷ ብቻ አለመሆናቸውን ብትሰማ፤ ከወረዳው ጤና ጣቢያም ሠራተኛ ቢገኝና ማን ዘንድ መሄድ እንደሚቻል ቢያመለክት፤ ጥናቱ ለተጠያቂዎቹም የሚጠቅም ይሆናል። በወረዳ ጽሕፈት ቤት ያላችሁ አንባቢዎቼም እንዲህ ያለ ተማሪ ሲመጣ ደብዳቤውን ፈርማችሁ ከመሸኘት በቀር ይህን አደራ ብትሉት መልካም ነው።