ሳያም የሚደክም ኩላሊት

ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው ሞላሌ ወገቡን የሚቆረጥመው ሰው «ብርድ ኩላሊቴን መታኝ» ይላል። በመንዝ ውርጭ ያደገ ሁሉ አባባሉን ያውቀዋል። ይሁን እንጂ ኩላሊት ከሆድ ዕቃ ጀርባ በስብና በጡንቻ ተከልሎ ስለሚገኝ፣ የውጩ አየር ዜሮ ዲግሪ ቢደርስም እርሱ ከ37 ዲግሪ ሴልሺየስ እምብዛም አይርቅም። የወገብ ሕመምም በአብዛኛው ከጡንቻና ከአከርካሪ የሚነሣ ነው። ጠጠርና ኢንፌክሽን ያማሉ፤ በደም ግፊትና በስኳር በሽታ ቀስ በቀስ የሚጎዳ ኩላሊት ግን ለዓመታት ድምፁን አያሰማም።

ብርድ ጨርሶ ከደሙ ንጹሕ ነው ማለት ግን አይደለም። ቆዳ ሲቀዘቅዝ የደም ሥሮቹ ይጠባሉ፤ ደም ወደ ውስጥ ይሸሻል፤ ግፊቱም ይጨምራል። ኩላሊት ይህን እንደ ትርፍ ፈሳሽ ቆጥሮ ውኃ ያስወጣል። በብርድ ሽንት የሚያጣድፈን ስለዚህ ነው።

እያንዳንዱ ኩላሊት ኔፍሮን የሚባሉ አንድ ሚሊዮን ገደማ ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉት። ሁለቱ ተባብረው በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ አጣርተው ከ1 እስከ 2 ሊትር ብቻ በሽንት ይሰዳሉ። ከ40 ዓመት ዕድሜ በኋላ የማጣራት ዐቅማቸው በየዓመቱ በአማካይ በደቂቃ 1 ሚሊ ሊትር ገደማ ይቀንሳል፤ የጠፋ ኔፍሮንም አይተካም። ይህ በራሱ በሽታ አይደለም። ያልታከመ የደም ግፊት ሲጨመርበት ግን ቁልቁለቱ ይፈጥናል።

የፊዚክስ መምህር እንደመሆኔ ይበልጥ የሚያሳስበኝ የመለኪያው ነገር ነው። ክሬአቲኒን ከጡንቻ በየቀኑ በተቀራራቢ መጠን የሚመነጭ ዝቃጭ ሲሆን በኩላሊት በኩል ይወጣል። የሚመነጨውና የሚወጣው ሲመጣጠኑ፣ በደም ውስጥ ያለው ክምችት ከማጣራት ዐቅም ጋር የተገላቢጦሽ ዝምድና ይኖረዋል። እንግዲህ ዐቅሙ ከ120 ወደ 60 የወረደ ሰው ክምችቱ ከ0.7 ወደ 1.4 ከፍ ይላል እንበል። ዐቅሙ ከ30 ወደ 15 ሲወርድ ደግሞ ከ2.8 ወደ 5.6 ይመነጠቃል። ግማሹ ኩላሊት ሲጠፋ ቁጥሩ ገና እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ጡንቻቸው የሳሳ አንዲት የሞላሌ እናት ደግሞ የሚያመነጩት ክሬአቲኒን ግማሽ ያህል ቢሆን፣ ዐቅማቸው 60 ላይ ወርዶም ውጤታቸው 0.7 ይሆናል፤ «ደኅና ነዎት» ተብለው ይሸኛሉ። ቁጥሩ ከዕድሜና ከጾታ ጋር ካልተሰላ፣ ሽንትም ለአልቡሚን ካልተመረመረ እውነቱን አይናገርም።

ኔዘርላንዳዊው ሐኪም ቪለም ኮልፍ በ1943 እ.ኤ.አ. የቋሊማ መጠቅለያ በሆነ የሴሎፎን ቱቦ ደም ማጠብን ሞከረ። በሀገራችን የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ በመስከረም 2008 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ተከናወነ። ሁለቱም የሚያኮሩ ሥራዎች ናቸው። ነገር ግን እጥበት በተለመደው አሠራር በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው 4 ሰዓት ያህል ይፈጃል። የመንዝ ገበሬ ገብሱንና በጎቹን ትቶ ከተማ ካልተቀመጠ በቀር እንዴት ይችለዋል? የዘመድ ኩላሊት ሥራ ሲያቆም ገንዘብ ለማዋጣት የሚቀድመን የለም፤ ያው ዘመድ ጤናማ መስሎ ሳለ ግፊቱን እንዲለካ ለመሳፈሪያ የሚሆን ጥቂት ብር ግን ከኪሳችን አይወጣም። ይህ የቅደም ተከተል ስሕተት ይመስለኛል።

ሌላው የማስታገሻ ነገር ነው። ዳገት ቁልቁለቱ ጉልበታቸውን የጨረሰው አረጋውያን ዲክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለወራት ይወስዳሉ። እነዚህ መድኃኒቶች ወደ ኔፍሮን የሚገባውን ደም ሥር ክፍት አድርገው የሚያቆዩትን ኬሚካሎች ያመናምናሉ። የግፊት መድኃኒት ለሚወስዱ፣ ወይም በጾም ውኃ ሳይቀምሱ ለሚውሉ አዛውንት ጉዳቱ ይብሳል። ጨውም በቀን ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ፣ እንዳይበልጥ የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል። «ውኃ በብዛት ጠጣ፣ ኩላሊትህ ይታጠባል» የሚለውን ምክር ግን እኔ አልጋራውም፤ ውኃ ግፊትንም ስኳርንም አያጥብም።

ተማሪዎች ለዕረፍት ወደ ቤተሰቦቻችሁ ስትሄዱ ወላጆቻችሁን ወደ ጤና ጣቢያ ይዛችሁ ሂዱ። ግፊታቸው በተደጋጋሚ ተለክቶ ከ140/90 በላይ ከሆነ፣ ወይም ስኳር ካለባቸው፣ የክሬአቲኒንና የሽንት አልቡሚን ምርመራ በዓመት አንዴ ሊደረግላቸው ይገባል። በላቦራቶሪው ወረቀት ላይ ዕድሜ የሚሞላበት ቦታ ባዶ እንዳይቀር። «በታኅሣሡ ግርግር ዓመት ተወለድሁ» የሚሉ አባት ከሆኑ፣ 1953 ዓ.ም. ብላችሁ ጻፉላቸው።