ከሉሲታኒያ በኋላ ያሉት ሃያ ሦስት ወራት

አሜሪካ አንደኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ ለምን ገባች ሲባል ተማሪው አፍ ላይ ቀድሞ የሚመጣው መልስ የታወቀ ነው፤ ጀርመኖች ሉሲታኒያን ስላሰጠሙ። ብዙ መምህራን ትክክል ብለው ያልፉታል። እኔ ግማሽ ነጥብ ለመስጠትም እጄ አይፈታም።

መርከቧ የሰጠመችው ሜይ 7 ቀን 1915 ነው፤ ከሟቾቹ 128ቱ አሜሪካውያን ነበሩ። ኮንግረስ ጦርነት ያወጀው ግን ኤፕሪል 6 ቀን 1917 ነው። በመካከሉ ፕሬዚዳንት ዊልሰን ከጦርነት ጠበቀን ተብሎ ተቀስቅሶለት በ1916 ዳግም ተመርጧል። ምን ዓይነት ቁጣ ነው ሃያ ሦስት ወር የሚቆይ?

ጠለቅ ያሉ የሚመስሉት ደግሞ ባንኮቹን ይከስሳሉ፤ ለእንግሊዝና ለፈረንሳይ ያበደሩት እንዳይቀልጥ አገሪቱን ጎተቷት ይላሉ። ብድሩ እውነት ነው፤ ከሁለት ቢሊዮን ዶላር ይበልጣል። ነገር ግን በኖቬምበር 1916 መጨረሻ ፌዴራል ሪዘርቭ ቦርድ ያለ መያዣ ለተዋጊ መንግሥታት ከማበደር እንዲቆጠቡ ባንኮችን አስጠነቀቀ፤ ቃሉ እንዲጠነክር ያደረገውም ዊልሰን ራሱ ነው። ለንደን ደነገጠች። ለባንኮች ሲል የሚዘምት ፕሬዚዳንት እንዲህ አያደርግም።

እኔ ተማሪዎቼን የምወስዳቸው ወደ ፕሌስ ነው፤ የጀርመኑ ካይዘር ዊልሄልም ጃንዋሪ 9 ቀን 1917 ከሹማምንቱ ጋር ወደመከረበት ቤተ መንግሥት። ሰርጓጅ መርከቦች ከፌብሩዋሪ 1 ጀምሮ የገለልተኛ አገር መርከብ ሳይለዩ፣ ሳያስጠነቅቁ እንዲመቱ የተወሰነው እዚያ ነው። አሜሪካ ልትገባ እንደምትችል ያውቁ ነበር፤ ሒሳቡ ውስጥ አስገብተዋታል። የባሕር ኃይሉ ኤታማዦር ሹም ሆልትዘንዶርፍ በወር 600,000 ቶን መርከብ ካሰጠምን እንግሊዝ በአምስት ወር ትንበረከካለች ብሎ ነበር፤ የአሜሪካ ጦር ባሕሩን እስኪሻገር ነገሩ አብቅቷል ማለቱ ነው። ቻንስለር ቤትማን ሆልቬግ ሳያምንበት እሺ አለ። ሜክሲኮን በአሜሪካ ላይ ለማስነሳት የተላከው የሲመርማን ቴሌግራምም ከሳምንት በኋላ የተከተለ የዚሁ ውሳኔ ልጅ ነው።

ገለልተኝነትን ገለልተኛው ብቻውን አይጠብቀውም። ተዋጊው ይህ አገር ባይገባብኝ ይሻለኛል እስካለ ድረስ ይቆያል። በ1916 ሱሴክስ የተባለችው መርከብ በሰርጓጅ ከተመታች በኋላ ጀርመን ወደኋላ ያለችው እንዲህ ብላ ነበር፤ በፕሌስ ሐሳቧን ለወጠች።

ስለዚህ ክፍል ስገባ ሆልትዘንዶርፍን ሆናችሁ ካይዘሩን አሳምኑ፣ ቤትማንን ሆናችሁ ተከራከሩ እላቸዋለሁ። ቤትማንን የሚሆኑት መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ስለ አሜሪካ አይደለም፤ እንግሊዝ ጎተራ ውስጥ ስንት ወር የሚያደርስ ስንዴ ነበር ይሉኛል።