«የአባቴን ካሴት እንሽጠው ወይስ እናስቀምጠው?»

የዛሬው ደብዳቤ የመጣው ከወደ ቆቦ ነው። ጸሐፊዋ የ23 ዓመት ወጣት ናት። ስሜ አይውጣ ስላለች አላወጣነውም።

ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። አባቷ በሕይወት ሳለ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ማታ ማታ ክራርና አርሞኒካ ይጫወት ነበር። ከበሮ ስላልነበራቸው ጀሪካን ይመታሉ። አንድ ምሽት ይህንኑ በቴፕ ቀዱት። አባቷ ካረፈ 14 ዓመት ሆነው፤ ከዚያ ወዲህ ካሴቱን የሰማ የለም። እናትየው «አንጀቴ አይችልም» ብላ ሳጥን ውስጥ ቆልፋበታለች። በ2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ቆቦ ደርሶ ቤታቸውን ጥለው ሲወጡ ግን ከሁሉ አስቀድማ በነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችው ያንኑ ካሴት ነው። አሁን ታላቅ ወንድሟ «የድሮ ካሴት ውጭ አገር በዶላር ይሸጣል አሉ» ብሎ ቤቱን አውኮታል። «እኔ መሐል ላይ ቆሜአለሁ። የአባቴን ድምፅ ረስቼዋለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?» ትላለች።

እህቴ፣ ወንድምሽ የሰማው ወሬ ከመሬት አልተነሳም። የዋሊያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ በ1985 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ሆኖ አኮርዲዮን፣ የኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ሲንተሳይዘርና የከበሮ ማሽን ብቻውን እየተጫወተ አንድ ካሴት ሠራ። የአገር ቤት ዜማ፣ በዚያን ጊዜ ጆሮ ባልለመደው ድምፅ! በኋላ ሰውየው ዋሽንግተን ታክሲ መንዳት ያዘ፣ ካሴቱም ተረሳ። ከብዙ ዓመት በኋላ ብሪያን ሺምኮዊትዝ የሚባል አሜሪካዊ ካሴት ሰብሳቢ ባሕር ዳር ላይ አገኘው። ባለቤቱን አፈላልጎ ደወለለት፤ በ2013 እ.ኤ.አ. ሥራው እንደገና ታተመ። ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ፣ በ2018 እ.ኤ.አ. «ላላ በሉ» የተባለ አዲስ አልበም አወጣ።

ግን ልብ በይ። ያ ካሴት ተባዝቶ የተሸጠ ነው፤ አንዱ ቢጠፋ ሌላው ባሕር ዳር ይገኛል። የአባትሽ አንድ ለእናቱ ነው። ስም ለሌለው የቤት ቅጂ ይህ ነው የሚባል ገንዘብ የሚከፍል ገዢም አይመጣም።

እኔም የራያ ቆላ ልጅ ነኝ። አያቴ ማማ ላይ ሆነው ማሽላ ሲጠብቁ የሚያንጎራጉሩትን አጎቴ በካሴት ቀድቶት ነበር። አሥር ዓመት ሳይሞላኝ ከሬዲዮ ዘፈን ልቅዳ ብዬ እላዩ ላይ ቀዳሁበት። የዘፈኑን ስም እንኳ ዛሬ አላስታውሰውም። አያቴም የሉም፣ ድምፃቸውም የለም። ስለዚህ የምመክርሽ ከደረሰብኝ ተነስቼ ነው።

አንደኛ፣ ከእናትሽ ተደብቀሽ ሳጥኑን እንዳትከፍቺ። «ስሚው አላልኩሽም፣ ብቻ ሳይበላሽ ይቀዳልን» በያት። መቅዳቱ እሷ በሌለችበት ይሁን።

ሁለተኛ፣ ከካሴቱ ጀርባ ጥግና ጥግ ያሉትን ሁለት ትናንሽ ጥርሶች ስበሪያቸው። ከዚያ በኋላ ማንም ተሳስቶ አይቀዳበትም።

ሦስተኛ፣ ብዙ ጊዜ ቆሞ የኖረ ቴፕ ክር ይበላል። መጀመሪያ በማትሳሺለት ካሴት ሞክሪው፤ ራሱንም በአልኮል በነከርሽው ጥጥ ጥረጊው። የካሴቱ ክር ከላላ በቢክ እስክርቢቶ ቀስ ብለሽ አጠንጥኚው። ነጭ ሻጋታ ካየሽበት ግን አታጫውቺው፤ ባለሙያ ይየው።

አራተኛ፣ ከቴፑ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ በገመድ ወደ ኮምፒውተር ይቀዳል። ገመድ ካልተገኘ ጸጥ ባለ ክፍል ስልክሽን ከድምፅ ማጉያው አጠገብ አድርገሽ ቅጂው። ቅጂው ቢያንስ ሁለት ቦታ ይቀመጥ። ዋናውን ካሴት የቆቦ ፀሐይ ከሚያግለው ቆርቆሮ ሥር አታኑሪው፤ ማግኔት ስላለው ከድምፅ ማጉያም አርቂው።

ወንድምሽን በተመለከተ ክርክሩን ተይውና አንድ ነገር ብቻ ንገሪው። እሱ ታላቅ ነው፤ የአባቱን ድምፅ ያስታውሳል። አንቺ ግን ያለሽ ያ ካሴት ብቻ ነው። ወንድም ከሆነ ይገባዋል።

እናትሽን አታጣድፊያት። አንድ ቀን ራሷ «እስቲ ክፈቺው» ትል ይሆናል። ያን ቀን የሚከፈት ነገር ይኑር።

ቸር ያሰማን።