ባለካርቦን የመሮጫ ጫማ፦ የቪየናው ትምህርትና የደጋው ሯጭ

መስከረም 2 ቀን 2014 ዓ.ም. አዲሱ ዓመት በገባ በማግስቱ ኢትዮጵያዊው አትሌት ደራራ ሁሪሳ የቪየና ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ከ22 ሰከንድ በአንደኝነት አጠናቀቀ። ይሁንና ድሉ አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላው ተሰረዘ። ለውሳኔው ምክንያት የሆነው አበረታች መድኃኒት ወይም መንገድ ማቋረጥ አልነበረም። የተጫማው ጫማ የሶሉ ውፍረት 5 ሴንቲ ሜትር ሆኖ በመገኘቱ ነው። ደንቡ የሚፈቅደው ግን እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ነበር። አትሌቱ ከውድድሩ በፊት በቅጽ ያስመዘገበው ጫማ የተፈቀደ ዓይነት እንደነበረ፣ በሩጫው ዕለት ያደረገው ግን ሌላ መሆኑን አዘጋጆቹ በወቅቱ ገልጸዋል። አንደኛነቱም 3 ሰከንድ ዘግይቶ ለገባው ኬንያዊ ሊዮናርድ ላንጋት ተሰጠ።

ለአንድ የማራቶን ሯጭ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር የወራት ልፋት ፍሬ ነው። ያ ሁሉ ልፋት በአንድ ሴንቲ ሜትር ሶል ምክንያት መና መቅረቱ ጫማ መምረጥ የገበያ ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ በግልጽ አሳይቷል። የመረጃ፣ የአሰራርና የኃላፊነት ጉዳይም ነው። ይህ ደግሞ የታላላቅ ከተሞችን ውድድር የሚያሸንፉ አትሌቶችን ብቻ የሚመለከት አይደለም። ገና በወረዳ ደረጃ ለሚሰለጥኑ ታዳጊዎች ጫማ እንዲገዛ የግዥ ሰነድ ላይ የሚፈርመውን ኃላፊም ይመለከታል።

የደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋማ ወረዳዎች ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናቸው። የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ መካነ ሰላም ከባህር ጠለል በላይ 2 ሺህ 600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ይህም የበርካታ የኦሎምፒክ ባለድሎች መፍለቂያ ከሆነችው ከበቆጂ ከፍታ ብዙም የማይርቅ ነው። ከመካነ ሰላም ወደ ምዕራብ ምድሩ ወደ ዓባይ ሸለቆ ያዘቀዝቃል፤ ወደ ምሥራቅ ደግሞ ወደ ለጋምቦና ወደ አምባ ፈሪት ተራራ ከፍ እያለ ይሄዳል። አየሩ ቀዝቃዛና ስስ ነው። ዳገትና ቁልቁለቱም ለጽናት ልምምድ የተመቸ ነው። ተፈጥሮ ያላሟላችው ነገር ቢኖር መሳሪያውን ነው፤ ለሯጭ ደግሞ ዋናው መሳሪያ ጫማ ነው። እንግዲህ በእንዲህ ዓይነቱ ስፍራ ለሚሮጥ ወጣት ባለካርቦን ጫማ ያስፈልገዋልን? ካስፈለገስ መቼና የትኛው?

ጥያቄውን ለመመለስ በቅድሚያ ጫማው እንዴት እንደሚሰራ ማወቅ ይገባል። በተለምዶ "ካርቦን" እየተባለ የሚጠራው ጫማ በእርግጥ የሁለት ነገሮች ቅንጅት ነው። አንደኛው ቀላልና ወፍራም፣ ሲረገጥ ተጨምቆ የተቀበለውን ኃይል አብዛኛውን መልሶ የሚሰጥ ልዩ ስፖንጅ ነው። ሁለተኛው በዚህ ስፖንጅ መካከል የተቀበረ፣ ከካርቦን ጭረት የተሰራ ጠንካራ ሰሌዳ ነው። ሰሌዳው ጫማው በጣቶች አካባቢ እንዳይተጣጠፍ ያግዛል፤ ለስላሳውን ስፖንጅም ቅርጽ ያስይዛል። አንዳንድ አምራቾች በአንድ ወጥ ሰሌዳ ፈንታ የጣቶችን አቅጣጫ የተከተሉ የካርቦን ዘንጎችን ይጠቀማሉ። በዘርፉ የተካሄዱ ጥናቶች እንደሚያመለክቱት ከጥቅሙ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ስሙ የገነነው ካርቦን ሳይሆን ስፖንጁ ነው።

በአሜሪካ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ ባደረጉት ጥናት 18 ሯጮች የናይኪ ኩባንያ አዲስ የነበረውን ጫማ አድርገው ሲሮጡ፣ ከቀድሞዎቹ የውድድር ጫማዎች ጋር ሲነጻጸር የሚያወጡት ጉልበት በአማካይ 4 በመቶ ቀንሷል። ይህ ማለት ግን ሯጩ በ4 በመቶ ይፈጥናል ማለት አይደለም። በዚያው ፍጥነት ሲሮጥ የሚያወጣው ጉልበት ያንሳል ማለት ነው። ይህ ቁጠባ በማራቶን የመጨረሻ ኪሎ ሜትሮች ላይ ዋጋው ከፍተኛ መሆኑን ግን የሚክድ የለም።

ይህ አኃዝ አማካይ መሆኑም መዘንጋት የለበትም። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ ሌላ ጥናት በዓለም ደረጃ የታወቁ 7 ኬንያውያን ሯጮችን ከ7 አውሮፓውያን አማተር ሯጮች ጋር ፈትሿል። በኬንያውያኑ ዘንድ የታየው ልዩነት እጅግ ሰፊ ነበር፤ በአንዱ ጫማ 11 በመቶ ገደማ የተጠቀመ እንዳለ ሁሉ፣ 11 በመቶ ገደማ የተጎዳም ተገኝቷል። ጥናቱ የተደረገው በአካል አቋምም ሆነ በአሯሯጥ ከእኛ አትሌቶች ጋር በሚቀራረቡ ሯጮች ላይ በመሆኑ ትምህርቱ በቀጥታ ይመለከተናል። እገሌ ያሸነፈበት ጫማ ለሌላው እንቅፋት ሊሆን ይችላል።

ከአትሌቲክሳችን ታሪክ የምናገኘውም ይህንኑ ነው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም ኦሎምፒክ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ ያሸነፈው ከቀረቡለት ጫማዎች መካከል ለእግሩ የሚስማማ ባለማግኘቱ ነበር። አለመስማማቱን አውቆ በለመደው መሮጡ በራሱ ትክክለኛ ምርጫ ነበር። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ሁለተኛውን ወርቅ ሲያጠልቅ ደግሞ ጫማ አድርጎ ነበር። መስከረም 18 ቀን 2001 ዓ.ም. ኃይሌ ገብረሥላሴ በበርሊን 2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ በመግባት የዓለምን ክብረ ወሰን ያሻሻለው ይህ ዓይነቱ ጫማ ከመምጣቱ አስቀድሞ ነው። ከ11 ዓመታት በኋላ በዚያው ዕለት፣ መስከረም 18 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ቀነኒሳ በቀለ በዚያችው ከተማ ባለካርቦን ጫማ አድርጎ 2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ ገባ። በወቅቱ ከነበረው ክብረ ወሰን የጎደለው 2 ሰከንድ ብቻ ነበር።

መስከረም 13 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ ትዕግሥት አሰፋ በበርሊን 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ በመግባት የሴቶችን የዓለም ክብረ ወሰን ከ2 ደቂቃ በላይ አሻሻለች። ክብረ ወሰኑ በዓመቱ በሌላ አትሌት ቢሰበርም፣ በዚያን ዕለት ውድድሯን እንደፈጸመች ጫማዋን አውልቃ ስትስም የተነሳችው ፎቶግራፍ በዓለም ተሰራጭቷል። ጫማው የአንዱ እግር ክብደት 138 ግራም ብቻ የነበረ ሲሆን፣ ዋጋው ግን 500 የአሜሪካ ዶላር ነበር። አምራቹ አዲዳስ ራሱ እንደገለጸው የተሰራው ለአንድ ማራቶንና ከዚያ በፊት ለሚደረግ አጭር መለማመጃ ነው።

ለመንግሥት ሠራተኛውና ለኃላፊው ነገሩ ወደ ቁም ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ አንድ ዶላር ከ100 ብር በላይ ሆኗል። በዚህ ስሌት የተለመደው 250 ዶላር ገደማ የሚያወጣ ባለካርቦን ጫማ ቀረጥና ማጓጓዣ ሳይታከልበት ከ25 ሺህ ብር በላይ ነው፤ 500 ዶላር የሚያወጣው ደግሞ ከ50 ሺህ ብር ይልቃል። ኩባንያ ስፖንሰር ያደረገው አትሌት ጫማውን በነጻ ያገኛል፤ በአንጻሩ የመምረጥ ነጻነቱ በውሉ የታጠረ ነው። ውል የሌለው የወረዳ ሯጭ እንዳሻው የመምረጥ ነጻነት አለው፤ የመግዛት አቅም ግን የለውም። ስለሆነም ወይ በቤተሰብ ጥሪት፣ ወይ በጽህፈት ቤቱ በጀት፣ ወይም ከሰልባጅ ገበያ ይሸምታል።

ሰልባጁ የራሱ ችግር አለው። የዚህ ጫማ ስፖንጅ በተሮጠበት መጠን ጥቅሙን እያጣ የሚሄድ ነው። ከላይ ሲታይ ንጹህ የሆነ ጫማ ውስጡ ያለቀለት ሊሆን ይችላል፤ ሰሌዳው ግን እንደጠነከረ ይቆያል። ገዢው ጥቅሙን ሳያገኝ ግትርነቱን ብቻ ይወርሳል ማለት ነው።

የመሬቱ አቀማመጥም ሌላው ጉዳይ ነው። ባለካርቦኑ ጫማ የተሰራው ለለሰለሰ አስፋልት ነው። ሶሉ ከፍ ያለና ለስላሳ፣ የታችኛው ጎማ ደግሞ ስስ በመሆኑ ጠጠር በበዛበት ኮረኮንች መንገድ፣ በእርሻ ማሳ ድንበር ወይም ክረምት ባረጠበው ጥቁር አፈር ላይ ቁርጭምጭሚትን ለመጠምዘዝ ያጋልጣል፤ ዕድሜውም ያጥራል። ከዚህም በላይ የስፖርት ሕክምና ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጡት ጽሁፍ፣ ባለካርቦን ጫማ ያዘወተሩ 5 አትሌቶች በእግር መሃል በምትገኝ አንዲት ትንሽ አጥንት ላይ የመሰንጠቅ ጉዳት እንደደረሰባቸው አመልክተዋል። የአምስት ሰዎች ገጠመኝ ለሁሉም የሚሰራ ድምዳሜ አይሆንም። ባለሙያዎቹ ግን ወደ ጫማው የሚደረገው ሽግግር ቀስ በቀስ መሆን እንዳለበት መክረዋል። አጥንቱ ገና በማደግ ላይ ላለ ታዳጊ ጥንቃቄው ይበልጥ ያስፈልጋል።

ደንቡን በተመለከተ፣ የዓለም አትሌቲክስ ጥር 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ በጎዳና ውድድር የሶል ውፍረት ከ40 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ፣ በአንድ ጫማ ውስጥም ከአንድ በላይ ሰሌዳ እንዳይኖር ወስኗል። ቀደም ሲል ለመካከለኛና ረጅም ርቀት የመም ውድድሮች 25 ሚሊ ሜትር የነበረው ጣሪያ ደግሞ ከጥቅምት 22 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ 20 ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሏል። የተፈቀዱት ጫማዎች ዝርዝር በተቋሙ ድረ ገጽ ላይ ለማንም ክፍት ነው። እዚህ ላይ አንድ ነጥብ ልብ ሊባል ይገባል። ለጎዳና ሩጫ የተፈቀደው ወፍራም ጫማ ለመም አይፈቀድም። አንድ ወረዳ ከፍተኛ ገንዘብ አውጥቶ የጎዳና ባለካርቦን ጫማ ቢገዛና ሯጩ የሚሰለፈው በ5 ሺህ ወይም በ10 ሺህ ሜትር የመም ውድድር ከሆነ፣ ዓለም አቀፉ ደንብ በሚሰራበት ስፍራ ያ ጫማ ዋጋ አይኖረውም። የቪየናው ስህተት በመካነ ሰላም ሊደገም የሚችለው በዚህ መንገድ ነው።

በመሆኑም በየደረጃው የሚገኙ የስፖርት ጽህፈት ቤቶች፣ ክለቦችና አሰልጣኞች ጫማ ከመግዛታቸው በፊት የሚከተሉትን በቅደም ተከተል ቢመለከቱ ይጠቅማል።

በቅድሚያ ውድድሩን መለየት ያስፈልጋል፤ መም ነው ወይስ ጎዳና? ርቀቱስ ስንት ነው? ቀጥሎ የጫማውን ሙሉ ስምና የሞዴል ቁጥር ከተፈቀዱት ዝርዝር ጋር ማመሳከር ይገባል። የአንድ ኩባንያ ሁለት ጫማዎች በስምም ሆነ በመልክ ሊመሳሰሉ፣ በደንቡ ፊት ግን ሊለያዩ ይችላሉ። በሦስተኛ ደረጃ ሯጩ ጫማውን ከውድድሩ ሳምንታት በፊት በውድድር ፍጥነት ሊሞክረው ይገባል። ላቦራቶሪ በሌለበትም ቢሆን አሰልጣኙ በተመሳሳይ ርቀትና ፍጥነት በሁለት ጫማዎች አስሩጦ የልብ ምትንና የሯጩን ስሜት በመመዝገብ ጠቃሚ ግንዛቤ ማግኘት ይችላል። በውድድሩ ቀን የሚደረገው ጫማ የተሞከረውና የተመዘገበው ራሱ መሆኑን የሚያረጋግጥ አንድ ኃላፊም አስቀድሞ መመደብ አለበት። "ሳይቃጠል በቅጠል" እንዲሉ፣ ይህ የአምስት ደቂቃ ሥራ የዓመት ልፋትን ያድናል።

ከሁሉ በላይ ግን የበጀት ቅደም ተከተል ሊታሰብበት ይገባል። ሰልጣኞች በየዕለቱ የሚሮጡበት፣ ለጠጠርና ለጭቃ የሚሆን ጠንካራ የልምምድ ጫማ ሳይሟላ ለአንድ ሰው ባለካርቦን ጫማ መግዛት ጣሪያውን ከመሰረቱ በፊት እንደማቆም ነው። ታዳጊው በልምምድ ጫማ አድጎ፣ ሰዓቱ ተሻሽሎ፣ በጎዳና ውድድር የሚሰለፍበት ጊዜ ሲደርስ ባለካርቦኑ ጫማ ተገቢ ወጪ ይሆናል። ተፎካካሪዎቹ ሁሉ አድርገውት በሚሮጡበት መድረክ እርሱን ብቻ ያለዚህ ጫማ ማሰለፍም ፍትሐዊ አይደለም። ከግማሽ ማራቶን ጀምሮ ባሉ ዓለም አቀፍ ውድድሮች ጫማው የግድ የሆነበት ጊዜ ላይ ደርሰናል።

የደቡብ ወሎ ደጋማ ወረዳዎች ከፍታውን፣ አየሩንና ጉልበቱን ከተፈጥሮ አግኝተዋል፤ እነዚህን በገንዘብ መግዛት አይቻልም። በገንዘብ የሚገዛው ጫማ ግን በመረጃ ካልተመረጠ የተፈጥሮን ስጦታ ሊያባክን ይችላል። ደራራ ሁሪሳ በቪየና ጎዳና ላይ የጎደለው ጉልበትም ፍጥነትም አልነበረም፤ የጎደለው በእግሩ ያለው ጫማ በቅጹ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን ከመነሻው መስመር በፊት የሚያረጋግጥለት ሰው ነበር። ከመካነ ሰላም ተነስቶ ነገ ለታላቅ ውድድር ለሚሰለፈው ወጣት ያ ሰው አሰልጣኙ፣ የክለቡ ኃላፊ ወይም የወረዳው የስፖርት ባለሙያ ሊሆን ይገባል።