«እኛም ተቆርጠን አድገናል»

ልጅ ሳል ሲበረታበት ወይም ተቅማጥ ሲይዘው እንጥል ማስቆረጥና ግግ ማስወጣት ይቅር ባልን ቁጥር የሚሰጠን መልስ አንድ ነው፦ «እኛም ተቆርጠን አድገናል፤ ምን ሆንን?»

እውነት ነው፣ አድጋችኋል። እኔም እንጥሌን ተቆርጬ ነው ያደግሁት። ግን ይህን መልስ የምንሰጠው የተረፍነው ብቻ ነን! ደሙ አልቆም ብሎ የሞተው፣ በቆሸሸ ምላጭ መንጋጋ ቆልፍ ይዞት የቀረው ሕፃን አድጎ ሊመሰክር አይችልም። እናቱም «ቀኑ ደርሶ ነው» ተብላ ተጽናናች፤ ምላጩን የወቀሰ የለም። የተረፈውን ብቻ ቆጥራችሁ «ጉዳት የለውም» አትበሉኝ።

«በማግስቱ ተሻለው እኮ!» ትላላችሁ። መቼ ነው ያስቆረጣችሁት? ሕመሙ ሲጠና፣ በሦስተኛው በአራተኛው ቀን። ጉንፋን ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዚያ ወዲያ ራሱ መብረድ ይጀምራል፤ አብዛኛው የሕፃናት ተቅማጥም በሳምንት ውስጥ ይቆማል። ልጁ ሊሻለው ሲል ወሰዳችሁት፣ ምስጋናውን ቆራጩ ወሰደ። እንጥል የሚያብጠው ጉሮሮ ሲቆጣ ነው፤ ሕመሙ ሲያልፍ እብጠቱም ይጎድላል። ግግ የምትሉትም ገና ድድ ውስጥ ያለ የወተት ጥርስ ነው። በስድስት ወር ገደማ ልጁ ተጨማሪ ምግብ ይጀምራል፣ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይከታል፤ ተቅማጡ የሚመጣው ከዚያ ነው። ጥርሱ በዚያው ሰሞን በመምጣቱ ብቻ ተወነጀለ። ሲነቅሉት ደግሞ ከሥሩ ያለውን ቋሚ ጥርስ ሊያበላሹት ይችላሉ።

አያቶቻችንን አልወቅስም። ጤና ጣቢያ በሌለበት ዘመን ልጅ ሲሠቃይ እጅ አጣጥፎ ማየት ከባድ ነው፤ አንድ ነገር ማድረግ በራሱ ያሳርፋል። እናንተ ግን የምታደርጉት ሌላ ነገር አላችሁ።

ለተቅማጥ ኦ.አር.ኤስ. ስጡት፣ ጡት አታቋርጡ፤ የታዘዘለትን ዚንክ ተቅማጡ ቢቆምም እስከ መጨረሻው ጨርሱለት። ለሳል ልብሱን ገልጣችሁ ትንፋሹን ሙሉ አንድ ደቂቃ ቁጠሩ። ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ላለው 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለው 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ደረቱ ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ፣ መጥባት ካቃተው ወይም ከደነዘዘ፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። የሳንባ ምች የያዘው ልጅ ቆራጭ ቤት ደርሶ እስኪመለስ የሚያባክነው ሰዓት የለውም።